ሐይቅ ዳር ቤት ገዝቶ ለማከራየት፦ ከደላላው ስልክ እስከ መጀመሪያው ተከራይ

ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ አገራችን የባሕር ዳርቻ የላትም። ስለዚህ “ውኃ ዳር ቤት ገዝቼ ላከራይ” የሚል ወሎዬ ዓይኑን የሚጥለው ሐይቅ ላይ ነው፤ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በተሁለደሬ ወረዳ በምትገኘው፣ የደሴ ብርድም የባቲ ሙቀትም በማይበረታባት ከተማ። ጥንታዊው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ፤ ቆሮሶ ዓሣ አለ፤ ከተማዋ አጠገብ ያለው ሎጎ ሐይቅ በገበታ ለትውልድ የቱሪዝም ልማት ፕሮጀክቶች ውስጥ ከተካተተ ወዲህ ደግሞ ደላሎች የቦታውን ስም ሲጠሩ ድምፃቸው ሞቅ ይላል።

ምኞቱ ጥሩ ነው። ችግሩ ብዙ ገዢ ቤቱን የሚመርጠው ራሱ ለዕረፍት ቢመጣ ደስ በሚለው ዓይን መሆኑ ነው፤ በረንዳውን ያያል፣ ውኃውን ያያል፣ ቀብድ ይከፍላል። ይህ መመሪያ የተጻፈው በሌላ ሐሳብ ነው፦ ቤቱን ለተራው ሰኞና ማክሰኞ ተከራይ ብለው ይግዙት። የበዓሉ እንግዳ ምራቂ ነው።

ተከራዩን ከቤቱ በፊት ይፈልጉ

ቤት ማየት ከመጀመርዎ በፊት ማን ሊከራይዎት እንደሚችል ይወቁ። በሥራ ቀን ሐይቅ ከተማ ላይ አልጋ የሚይዘው ሰው ብዙ ጊዜ ጎብኚ አይደለም፤ ለመንገድ ወይም ለመጠጥ ውኃ ሥራ የመጣ መሐንዲስ፣ ከዞን ለሥልጠና የተላከ ባለሙያ፣ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ፣ አዲስ የተመደበ የባንክ ሠራተኛ ወይም መምህር፣ አለዚያም ወደ ወልድያ ሲጓዝ መሽቶበት ያደረ መንገደኛ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የጨርቃ ጨርቅና የቢራ ፋብሪካዎቹ፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትና አየር ማረፊያው ሰው ያመጣሉ። ፓርኩ ብቻውን ግን መተማመኛ አይሁንዎት፤ ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. ከአጎዋ፣ ማለትም ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከመላክ ዕድል፣ ስትወጣ ወደ አሜሪካ የሚልኩ ፋብሪካዎች ምን እንደገጠማቸው ይታወሳል። ደሴ ላይ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው፣ የዞን መሥሪያ ቤቶቹና ሆስፒታሎቹ አሉ። ከሩቅ ወረዳ ታማሚ ይዞ የመጣ ቤተሰብ ማብሰያ ያለው ክፍል ለሳምንታት ይፈልጋል፤ ይህን ተከራይ አስቦ ቤት የሚያዘጋጅ ባለቤት ግን ጥቂት ነው።

የበዓሉን ቀን መቁጠሪያም ይያዙት። መስከረም 21 የግሸን ማርያም ጉዞ፣ ኅዳር 26 የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ በዓል፣ በገና ወደ ላሊበላ የሚያልፈው ተጓዥ፣ በመውሊድ ወደ ጀማ ንጉሥ የሚሄደው ሰው፣ የጥር ሠርግ፣ የዩኒቨርሲቲ ምረቃ። በእነዚህ ቀናት አልጋ ይጠፋል፣ ዋጋም ይወጣል። ሁሉንም ደምረው ሲያዩት ግን ከዓመቱ የሚይዙት ጥቂት ሳምንታትን ብቻ ነው።

ፍላጎቱን ለመለካት ባለሙያ መቅጠር አያስፈልግም። በሥራ ቀን ምሽት ሦስት ሰዓት ላይ ሊገዙ ባሰቡበት ሰፈር ካሉት ፔንሲዮኖች አንዱ ገብተው ክፍል ይጠይቁ፤ ዋጋውን እየተደራደሩ ከእንግዳ ተቀባዩ ጀርባ ያለውን የቁልፍ ሰሌዳ ይመልከቱ። ሃያ ማንጠልጠያ ካለው ሰሌዳ ላይ አሥራ አምስቱ ቁልፍ እንደተሰቀለ ከሆነ የሰፈሩን ገበያ አይተዋል ማለት ነው። አንድ ምሽት አይበቃም፤ ክረምት ላይም፣ በጾም ወራትም፣ በረመዳንም ይድገሙት። የፔንሲዮን ባለቤቶች ስለ ገበያው ሲጠየቁ ወይ ያማርራሉ ወይ ይኩራራሉ፤ የቁልፍ ሰሌዳው ግን ዝም ብሎ እውነቱን ያሳያል።

ጸጥታውንም በሒሳብ ውስጥ ያስገቡት። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ ዘልቆ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭትም መንገደኛውን ቀንሶታል። የዕረፍት እንግዳ መንገድ ተዘጋ ሲባል በመጀመሪያ የሚቀር ሰው ነው። በከተማው ደመወዝ የሚከፈለው ተከራይ ግን መንገድ ቢዘጋም ይኖራል።

ምን ዓይነት ቤት?

ውኃው ዳር ላይ በአፓርታማ መልክ ተሠርቶ የሚሸጥ መኖሪያ ገበያው ጠባብ ነው። ስለዚህ ምርጫዎ በተግባር ከሦስት አንዱ ይሆናል፦ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ያለ የግቢ ቤት፣ ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ያለ ኮንዶሚኒየም ወይም አፓርታማ፣ አለዚያም ሐይቁ ጠርዝ ላይ “ቦታ አለ” ተብሎ የሚቀርብልዎት መሬት።

ከሦስተኛው ልጀምር፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚያ ነውና። ከከተማው ክልል ውጭ በሐይቁና በአጎራባቹ አርዲቦ ሐይቅ ዙሪያ ያለው መሬት በአብዛኛው የገበሬ ይዞታ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም። ገበሬው የይዞታ ደብተር ቢኖረውም ደብተሩ የመጠቀም መብቱን የሚያረጋግጥ ነው፤ በሕጉ ገደብ ውስጥ ማከራየት ይችላል፣ መሸጥ ግን አይችልም። “ስጦታ አስመስለን እንጻፈው” ወይም “የብድር ውል እናድርገው” የሚል መካከለኛ ከገጠመዎት ቡናዎን ጨርሰው ይሂዱ። እንዲህ ባለ መሬት ላይ የተሠራ ቤት የጨረቃ ቤት ነው፤ ሲፈርስ ካሣ የለውም፣ ባንክ በመያዣነት አይቀበለውም፣ ለልጅም አይወረስም። ገበሬውም ቢሆን መሬቱን አጥቶ ገንዘቡን ጨርሶ ከርሞ ፍርድ ቤት ያቆምዎታል፤ አይፈረድበትም።

የግቢ ቤት ጥቅሙ ነፃነቱ ነው፤ ሰርቪስ ክፍሎቹን ለየብቻ ማከራየት፣ ሮቶ መጨመር፣ መኪና ማስገባት ይቻላል። ጉዳቱ ጥበቃውና ጥገናው በሙሉ የእርስዎ መሆኑ ነው። ኮንዶሚኒየም ለሩቅ ባለቤት ይቀላል፤ ነገር ግን በጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ሲገዙ የባለቤቶቹ ማኅበር አባል ይሆናሉ፣ ጣሪያው፣ ደረጃውና ግቢውም የጋራ ነው፣ መዋጮም አለ። ከመግዛትዎ በፊት የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ አስመጥተው ያንብቡ። ለአጭር ጊዜ እንግዳ ማከራየትን ይከለክላል? የጣሪያ ጥገና ዕዳ አለ? ሻጩ መዋጮውን ከፍሏል? የጋራ ውኃ መግፊያ ፓምፑ ከተበላሸ ስንት ጊዜው ነው? ሰብሳቢውን ብቻ ሳይሆን አራተኛ ፎቅ የምትኖረውን እናት ይጠይቁ፤ ውኃ ወደ ላይ መውጣት አለመውጣቱን ከእርሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም። በመንግሥት ፕሮግራም በዕጣ የተላለፈ ቤት ከሆነ ደግሞ የመሸጥ ገደቡ ጊዜ ማለፉንና የባንክ ዕዳው መዘጋቱን በጽሑፍ ያረጋግጡ።

ሒሳቡን ወረቀት ላይ ያውርዱት

የሚከተሉት ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት የቀረቡ ናቸው፤ የራስዎን ዋጋ ይተኩባቸው። ቤቱ 6 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። ለእንግዳ በሌሊት 2,500 ብር እያከራዩ በዓመት 100 ሌሊት ቢይዝ 250,000 ብር ይገባል። ለጠባቂና ለጽዳት በወር 6,000 ብር፣ በዓመት 72,000፤ ለመብራት፣ ለውኃና ለአልጋ ልብስ አጠባ 40,000፤ ለጥገናና ለተሰበረ ዕቃ 30,000። የቀረው 108,000 ብር ነው፤ ግብር ሳይነሳለት ከቤቱ ዋጋ 1.8 በመቶ። ያው ቤት ለአንድ ቤተሰብ በወር 15,000 ብር ቢከራይ በዓመት 180,000 ብር ይገባል፤ 15,000 ለጥገና ቢወጣ 165,000 ይቀራል፣ 2.75 በመቶ። በሌላ በኩል 6 ሚሊዮን ብር በ7 በመቶ የቁጠባ ወለድ ቢቀመጥ 420,000 ብር ያስገኛል።

“ታዲያ ባንክ ላስቀምጠው?” ይሉ ይሆናል። የብር የመግዛት አቅም እየወረደ ቤት ዋጋውን ይዞ ስለሚቆይ ሰው ቤት መግዛቱ ሞኝነት አይደለም። ከዚህ ስሌት መያዝ ያለብዎት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በባንክ ብድር ገዝቶ ወለዱን በኪራይ እከፍላለሁ ማለት እንዲህ ባለው ቁጥር አይሠራም፤ በብድር የሚገዙ ከሆነ ወርኃዊ ክፍያውን ከሌላ ገቢ መሸፈን እንደሚችሉ ያረጋግጡ። ሁለተኛ፣ የሌሊት ኪራይ ከወር ኪራይ የሚበልጠው ቤቱ ብዙ ሌሊት ሲያዝ ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ የወር ኪራዩን ለመድረስ ከ120 ሌሊት በላይ መከራየት ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ በበዓላት ብቻ አይሞላም። እኔ ብሆን ሁለት ወይም ሦስት ክፍል ያለው ግቢ ገዝቼ ዋናውን ቤት ለወር ተከራይ፣ አንዷን ሰርቪስ ለእንግዳ አደርጋለሁ።

ሰነዱ

ደላላው “አብሽሩ ጋሼ፣ ካርታው በሂደት ላይ ነው” ሲል ሊገቡበት የሚችሉት ነገር በሂደት ላይ ያለ ክርክር መሆኑን ይጠርጥሩ። ካርታ አለ ወይም የለም።

ካርታው ካለ ኮፒውን ይዘው ራስዎ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ የመሬት ይዞታ ክፍል ይሂዱ፤ ደላላው እንዲሄድልዎ አይላኩት። ማኅደሩ ተከፍቶ የባለይዞታው ስም፣ የቦታው ስፋት፣ የቦታው አገልግሎትና የይዞታው ዓይነት ከኮፒዎ ጋር ይመሳከር። ይዞታው ነባር ነው ወይስ ሊዝ? ሊዝ ከሆነ ውሉን ያንብቡ። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት የመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው፤ ከአዲስ አበባ ውጭ የንግድ ቦታ 70 ዓመት። ስንት ዓመት እንዳለፈው፣ የዓመቱ ክፍያ መከፈሉንና ግንባታው በውሉ ጊዜ መጠናቀቁን ይዩ። ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳ ከቤቱ ጋር ወደ እርስዎ ይመጣል። ግንባታ ያልተጀመረበት ወይም ከግማሽ በታች የሆነ የሊዝ ቦታ ደግሞ በፈለጉት ዋጋ ሊተላለፍ አይችልም፤ አዋጁ ሻጩ የሚያገኘውን ጥቅም ይገድባል። “መሠረቱ ወጥቷል፣ ግዛው” የሚሉት ዓይነት ነገር እዚህ ላይ ይወድቃል።

ቀጥሎ የዕዳና እገዳ ማጣሪያ ይጠይቁ፤ ባንክ ይዞት እንደሆነ፣ ፍርድ ቤት አግዶት እንደሆነ። ማጣሪያው የሚያሳየው የተሰጠበትን ቀን ነው፤ ስለዚህ ውል በሚፈራረሙበት ሳምንት የተሰጠ ይሁን።

ከዚያ ካርታውንና ሜትር ይዘው ግቢው ውስጥ ይግቡ። በአራቱም ማዕዘን ይለኩ። ሐይቅ ዳርም ሆነ ኮምቦልቻ አንድ የሚደጋገም ነገር አለ፤ ካርታው 200 ካሬ ይላል፣ አጥሩ ግን 260 ካሬ ከቧል፣ ሽንት ቤቱ ወይም ከሰርቪስ ክፍሎቹ አንዷ ከካርታው ውጭ ናት። ሻጩ ዋጋ የጠራው በአጥሩ ነው፤ እርስዎ የሚገዙት ግን ካርታው ያለውን ብቻ ነው። ልዩነቱ ከታየ ዋጋውም በካርታው ልክ ይውረድ። ከአዋሳኞች ጋር ቡና ይጠጡ፤ የድንበር ጠብ ካለ ሁለተኛው ስኒ ላይ ይወጣል።

ሻጩ ማን እንደሆነ ማጣራት ከቤቱ ያነሰ ሥራ አይደለም። ያገባ ከሆነ የሚስቱ ወይም የባሏ ፈቃድና ፊርማ ያስፈልጋል፤ የማይንቀሳቀስ የጋራ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም። ከአንድ በላይ ጋብቻ ያለበት ቤት ከሆነ ይህን በይሉኝታ አይለፉት። ቤቱ የውርስ ከሆነ የወራሽነት ማረጋገጫው ከመደበኛ ፍርድ ቤት ወይም ባለጉዳዮቹ ተስማምተው ከሄዱ ከሸሪዓ ፍርድ ቤት የተሰጠ መሆኑን፣ የተዘረዘሩት ወራሾችም በሙሉ መፈረማቸውን ይመልከቱ። አረብ አገር ያለች እህት “ተስማምታለች” መባሏ ብቻ አይበቃም፤ ውክልናዋ ይምጣ።

የውጭ ነዋሪ ገንዘብ፣ የማን ስም?

ይህን ለብቻው የማነሳው በወሎ ብዙ ቤት የሚገዛው ከጅዳ፣ ከሪያድና ከቤይሩት በሚላክ ገንዘብ ስለሆነ ነው። ገንዘቡን የላከችው እህት ናት፤ ካርታው ግን በወንድም ወይም በአጎት ስም ይወጣል፣ “ለቅልጥፍና” ተብሎ። ከዓመታት በኋላ ወንድም ያገባል፣ ሚስት የጋራ ሀብት ነው ትላለች፣ እህት እጇ ላይ ያለው የሐዋላ ደረሰኝ ብቻ ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ካርታው ገንዘቡን ባወጣው ሰው ስም ይሁን፣ ዘመድ በውክልና ይሥራ። ውክልናው በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ተሰጥቶ አገር ቤት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። ሲጻፍም “መግዛት፣ በስሜ ማዞር፣ ማከራየት” ብሎ ይዘርዝር፤ “መሸጥና በዋስትና ማስያዝ” የሚለው ቃል ካልፈለጉት አይግባ። የውጭ ፓስፖርት የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 በሚሰጠው መታወቂያ፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ በሚባለው፣ ቤት መግዛት ይችላል።

ቤቱን በክረምት ይዩት

በጋ ላይ ሁሉም ቤት ያምራል። ከተቻለ ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ዝናብ እየዘነበ ይሂዱ። ግድግዳው ሥር ያለው ቀለም መላጥ፣ የእንጨት ጣሪያው ላይ ያለው የውኃ ክብ፣ ከተዳፋቱ የሚወርደው ጎርፍ የት እንደሚያልፍ፣ ሁሉም ያኔ ይታያል። ደሴ ላይ ከሆነ ተዳፋት ቦታና የመሬት መንሸራተት ምልክት ይመልከቱ፦ በአንድ አቅጣጫ ያዘነበለ አጥር፣ በየዓመቱ የሚለጠፍ ስንጥቅ፣ በሩ የማይገጥም ክፍል።

አካባቢያችን በስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ መሆኑንም አይርሱ። ግንቦት 1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በስተደቡብ በካራቆሬ የጀመረው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራርሷታል። የሕንፃውን የግንባታ ፈቃድ፣ የዲዛይን ወረቀትና የመጠቀሚያ ፈቃድ ይጠይቁ፤ ከፈቃዱ በላይ የተጨመረ ፎቅ ካለ ገንዘብዎን ይዘው ይመለሱ።

ሐይቁ ዳር ለሚገዛ ሰው ሁለት ተጨማሪ ነገር አለ። ሐይቁ በገጽ የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ የገባበት ነገር እዚያው ይቀራል፣ የውኃው ከፍታም ከዓመት ዓመት ይወጣል ይወርዳል። ስለዚህ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ የት እንዳለ፣ መቼ እንደተመጠጠ፣ መምጠጫ መኪና ግቢው ድረስ መግባት መቻሉን ይጠይቁ። ከውኃው ጠርዝ ምን ያህል ርቀት ክልክል እንደሆነ ደግሞ ከማዘጋጃ ቤቱ በጽሑፍ ይውሰዱ።

ውኃና መብራት፦ ቆጣሪው በማን ስም ነው፣ የውኃ ፈረቃ በሳምንት ስንት ቀን ነው፣ ሮቶው ስንት ሊትር ይይዛል? ሁለት ቀን ውኃ ቢጠፋ እንግዳው የሚታጠብበት ከሌለ ቤቱ ለእንግዳ አልተዘጋጀም።

ቀብድ፣ ውልና ስም ዝውውር

ቀብድ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ትልቅ ቦታ አለው። ቀብድ የሰጠ ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ይህ ጥርስ ያለው ሕግ የሚረዳዎት ግን ነገሩ በጽሑፍ ሲሆን ነው። ቀብድ ትንሽ ይሁን፣ በባንክ ይተላለፍ፣ የማጣሪያው ውጤት መጥፎ ከሆነ ቀብዱ እንደሚመለስ ይጻፍ።

ዋናው ውል በጽሑፍ ሆኖ ሰነድ የማረጋገጥ ሥልጣን ባለው ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውልን እንዲህ ያዛል። “በሽማግሌ ፊት ተፈራርመናል” የሚለው ለዕርቅ ጥሩ ነው፣ ለቤት ሽያጭ አይበቃም። ውሉ ላይ እውነተኛውን ዋጋ ይጻፉ። ቀረጥ ለመቀነስ ብለው ዋጋውን በግማሽ ካወረዱት ነገሩ ፍርድ ቤት የደረሰ ዕለት የሚመለስልዎት የተጻፈው ነው። አብዛኛውን ከፍሎ ስም እስኪዞር ድረስ ጥቂት ገንዘብ ማስቀረትም የተለመደ ነው፤ ካርታው በስምዎ ሲወጣ ይከፈላል ብለው በውሉ ያስገቡት።

ለስም ዝውውር የግብር ክሊራንስ፣ የሊዝ ወይም የቦታ ኪራይ ደረሰኝ፣ የተመዘገበው ውልና የቴምብር ቀረጥ ያስፈልጋል፤ ቀረጡ የንብረቱ ዋጋ 2 በመቶ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ በራሱ ግመታ ሊያስከፍል ስለሚችል ግመታውን አስቀድመው ይጠይቁ። ከሽያጩ ትርፍ ላይ የሚነሳውን ግብር ማን እንደሚከፍልና የደላላውን ኮሚሽን ማን ስንት እንደሚያዋጣ ውሉ ላይ ካልሰፈረ፣ በመጨረሻው ቀን መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ጭቅጭቅ ይሆናል።

ፈቃድና ግብር

ለወር ተከራይ ማከራየትና ለአዳሪ እንግዳ ማከራየት በሕግ ዓይን የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው የኪራይ ገቢ ነው፤ በሠንጠረዥ “ለ” ይታያል። ሁለተኛው ንግድ ነው፤ የንግድ ፈቃድ፣ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማረጋገጫ፣ የቦታ አገልግሎት ለውጥም ሊጠይቅ ይችላል። ካርታዎ “መኖሪያ” የሚል ከሆነ ይህን ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁ፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ከገዛ በኋላ ነው። የገቢ ግብር ሕጉ በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ የግብር ጽሕፈት ቤቱን የአሁን ሠንጠረዥ ይውሰዱ። በዚያው ዓመት የንብረት ታክስ አዋጅም ጸድቋል፤ ዓመታዊ ወጪዎ ውስጥ ለእርሱም ቦታ ይተዉ።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ በሚወስነው መሠረት ነው። በሚሠራበት ከተማ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ አይጠየቅም። “ለገና እንግዳ አስወጣሃለሁ” ብሎ የወር ተከራይ ማስገባት ስለማይቻል የትኛው ክፍል ለማን እንደሆነ ከመጀመሪያው ይለዩ።

ዕቃና ጠባቂ

ዕቃ ሲያሟሉ አልጋውና ፍራሹ ላይ አይቆጥቡ፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ይቆጥቡ። ጠንካራ ፍራሽ፣ ሁለት ቅያሪ አንሶላ፣ የደሴ ከሆነ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ የሐይቅ ከሆነ አጎበር። ማብሰያ ክፍል ካለ ድስትና ቢላዋ ሁለት ሁለት ያድርጉ፤ እንግዳዎ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን በዕቃው ሳይሳቀቅ ሥጋውን ይሠራል። ለስግደት ንጹሕ ምንጣፍ ማኖርም ወጪው ትንሽ ነው፣ ምስጋናው ብዙ ነው። ሐይቁ በጥልቁ ስፍራ ከ80 ሜትር በላይ ስለሚጠልቅ ልጅ የያዘ እንግዳ ካለ ስለ ዋናና ስለ ጀልባ አስቀድመው ያስጠንቅቁ፤ ወደ ገዳሙ ሴቶች እንደማይገቡም ቦታ ሲይዙ ይነገራቸው እንጂ በሩ ላይ አይስሙት።

ለጠባቂው በቋሚ ደመወዙ ላይ ለእያንዳንዱ እንግዳ ለያዘው ሌሊት ትንሽ ጉርሻ ጨምረው ይክፈሉት። ገንዘብ በእጁ አይለፍ፤ እንግዳው በሞባይል ወይም በባንክ ለእርስዎ ያስገባ፣ ጠባቂው የስልክ መልእክቱን አይቶ ቁልፍ ይስጥ። የእንግዳው መታወቂያ በመዝገብ ይስፈር፤ ቀበሌም ፖሊስም ሊጠይቅ ይችላል።

የመጀመሪያው ተከራይ ከመግባቱ በፊት በየክፍሉ ያለው ዕቃ ዝርዝር በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ። የመብራትና የውኃ ቆጣሪውን ንባብ ተከራዩ ባለበት ፎቶ ያንሱ፣ ቁጥሩን ዝርዝሩ ሥር ይጻፉት፣ ሁለታችሁም ፈርሙበት፤ አንዱን ቅጂ እርሱ ይያዝ፣ ሌላውን ከካርታው ጋር ያስቀምጡት።